ሰባት ቤት

ሽማግሌ መጡ ዘንዘልማ ቤታችን፣
ከሙሽራው ወገን፣ ሊያስቆጥሩ ዘራችን።
እነሱ ጀመሩ፤
ርስት ከነድንበሩ፣ ወንዝ ከነመሻገሪያው፣
እከሌ ወለደ፣ እከሌም ወረሰው፤
ሳይደነቃቀፉ
ሰባቱን ቤት በአንድ ትንፋሽ አለፉ።
“እናንተስ?” አሉና ወደ አባቴ ዞሩ።

አባቴ ዝም አለ። እጁን ተመለከተ፣
አውራ ጣቱን፣ ጥፍሩ ኮብልስቶን ሲጠርብ የሞተ።
መሬት ያልነበረው በምን ይቆጥራል?
በመስኮት ጠቆመ፤ ኮረብታው ይታያል፣
እንደ አሮጌ ጥርስ ተቦርቡሮ።
“የኛስ በጉድጓድ ነው” አለ፣ እንደ ዋዛ ጀምሮ።

“ከሁሉም የፊቱ፣ ውኃ ያቆረው፣ የኔ የልየው ነው፤
ከጊዮርጊስ ሽምብጥ የምትረግጡት ድንጋይ ከሱ ነው የወጣው።
በፍሬ ነው የሸጥሁት። ስንት ፍሬ እንደሆነ ወገቤ ያውቀዋል።
ከበላዩ ያለው፣ ግራር የበቀለበት፣ የአባቴ ይባላል፤
የእንዳላማው።
ለድልድዩ ድንጋይ ድማሚት ሲያፈነዳ
ጆሮው እዚያው ቀረ፣ ከፍርስራሹ ጓዳ።
ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ሲኖር
ማዕበሉን እያየ ‘ጣና ዛሬ ዝም ብሏል’ ይል ነበር።

ቢያድግልኝ ይቀጥላል። እናቱ ስድስት ቀብራ
የሰየመችው ልጅ፤ አደገላት፣ በመከራ።
በጣልያን ጊዜ ለመንገዱ ጠጠር ፈለጠ፤
ስሙን የሚጽፍ ጠፍቶ በቁጥር ተለወጠ፦
አርባ አንድ።
የሱን ጉድጓድ አትፈልጉ። ቆሻሻ ሞልቶት ተደለደለ፣
ኳስ ሜዳ ሆነ፤ ክረምት ሲገባ ጎሉ ጋ ይሰምጣል፣ ያው እንዳለ።

የደረሶ ጉድጓድ ደግሞ ጣና ራሱ ነው።
ወፍጮ ጠራቢ ነበር። ለደቅ ሰዎች ሦስት ወፍጮ ጭኖ ወጣ፤
ነፋስ ተነሣ፤ ደንገሉ ስንቱን ይቻለው?
ታንኳዋ ባዶዋን ተንሳፋ ዳር መጣች። ደንገል አይሰምጥም።
ወፍጮ ግን ይሰምጣል። ወፍጮውን ያልለቀቀም።”

እዚህ ላይ ቢያቆም ይበቃ ነበር።
እናቴን ከጓዳ ሳል ሳል አደረጋት፤ ጉንፋን አልነበራትም።
አባቴ ግን ቀጠለ።

“ዋሴ የብረት አፈር ቆፍሮ የሚያቀልጥ፣ ቀጥቃጭ ነበር።
ማረሻውን ገዝተው፣ ልጃቸውን ከዓይኑ ይሸሽጉ ነበር።
ቡዳ ነው ይሉታል፤ በስሙ አይጠሩትም፤
ማረሻው ግን ያርሳል። ማረሻን ቡዳ የሚል የለም።”

ቤቱ ጸጥ አለ።
የአንዱ ሽማግሌ ጭራ አየር ላይ ቆመ፣
ዝንቡ እንዳሻው ከግንባሩ ላይ ተጋደመ።
“ስድስተኛውስ?”
“አላውቅም።”
“ሰባተኛውስ?”
“እሱን አፈር ይጠየቅ።”

ያኔ እናቴ ወጣች፣ እጇን በነጠላ ጠርጋ፤
“ድንጋዩን በጀርባዋ ያወረደችውስ፣ በማን ጉድጓድ ትጠጋ?”
የመለሰላት የለም።

ሲነሡ፣ “ተመካክረን ቀን እንቆርጣለን” አሉ በጨዋ ደንብ።
“መቁረጡን ለኛ ተዉት” አለ አባቴ፤
ብቻውን ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር።

ሲመሽ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ ከታች ጀምሬ ቆጠርሁ።
የዋሴን ቁጥቋጦ ውጦታል፤ እሾሁን በእጄ ገለጥሁ፣
አንድ ጥቁር ዝቃጭ አገኘሁ፣
እንደ ተቃጠለ ዳቦ የተበሳሳ፣ ከመልኩ ይልቅ የሚከብድ።
ባሕር ዳር ከሩቅ መብራቷን አበራች፤ ሐይቁ ጨለመ።
ስልኬ ነዘረኝ፤ እሱ ነው።
“ምን ሆነ? አለቀ?”
ዝቃጩን በግራ እጄ እንደያዝሁ
በቀኝ አውራ ጣቴ ጻፍሁለት፦
“ገና ነው። እየቆጠርን ነው።”