ምን ትል?

ገበያው ሲበተን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣
ቲማቲም ሲፈርጥ፣ ፓፓያ ሲላሽቅ፣
የጽዳት መኪና ቀድሞኝ ሳይመጣ፣
ባጃጄን ላስጠጋ፣ ጆንያዬን ላውጣ።

የሉባባ ነው ጭነቱ። የፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች፤
ማሽኑ ሲያረጅ፣ «በቃሽ» ሲሏት፣ ስልሳ ዶሮ ገዝታ ገባች።
ዶሮ ግን መኖ ይበላል፤ መኖ ደግሞ ብር ይበላል፤
የአኩሪ አተሩ ፋጉሎ ዋጋ በየሳምንቱ ይዘላል።
ገና ሳይጣል እንቁላሉ በዱቤ ደብተር ታስሮ፣
ዕዳዋ ቆጥ ላይ ወጥቶ ጮኸ እንደ አውራ ዶሮ።

አንድ ቀን ከግብርና ቢሮ አህመዲን የሚሉት ልጅ
ጣሳ ይዞ መጣ፣ ክዳን ያለው፣ ውስጡ የማይታመን ወዳጅ።
«ጥቁር ወታደር ነው ስሟ» አለ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ፤
(«ወታደር» ሲባል የኛ ሰው ዓይኑ ይሄዳል ወደ ሐረጎ።)

ይህቺ ግን አትተኩስም። ይህቺ ምሽግ አትቆፍርም።
ካደገች የሚበላ አፍ የላት፤ ከሰው ማዕድ ላይ አታርፍም።
ጥቂት ቀን በርራ ትጋባለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣
ሥራውን ለልጆቿ ትታ ዝም ብላ ትሞታለች።

ልጆቿ፦ ትል።

ትል ነው። ሌላ ስም የለውም። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚርመሰመስ፣
የበሰበሰ ማንጎ ቢሉት፣ የድንች ልጣጭ፣ የማይመልስ።
ማታ ጆሮ ጣል ቢደረግ፣ የመብላታቸው ድምፅ ብቻ
ካፊያ ይመስላል፣ ቅጠል ላይ፣ በቦርከና ዳርቻ።

ሰፈሩ ግን ሰማ።
«ሉባባ ትል ታረባለች!» «የሬሳ ጓደኛ አመጣች!»
«እንቁላሏን እንብላ እንዴ?» «ምስኪን፣ ሳታብድ አልቀረች!»
አፍ የሌላት ዝንብ መጥታ የስንቱን አፍ አስከፈተች።

ሉባባ ሌላ ነው የፈራች። «እናቴ መጥታ ብታይ ምን ትል?»
«ትል ነዋ!» አልኳት በቀልድ። አልሳቀችም፤
አየችኝ፣ ሰው እንደሚያይ ቂል።

ለዓረፋ መጡ እናቷ፣ እመት ፋጤ፣ ከቃሉ፤
ከልጣጩ ጆንያ ጋር ተጣበው፣ «ምን ገማ?» እያሉ።
ባልዲውን ገልጣ አሳየች።
ዝም አሉ። ጎንበስ አሉ።

የአንበጣውን ዓመት ያዩ ናቸው፤ ሰማዩ ቀልቶ ሲመጣ፣
ቆርቆሮ ሲደበድቡ ውለው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ሲወጣ፣
የደረሰ ማሽላቸው በአንድ ቀትር አገዳ ሆኖ ሲቀር፣
መሬቱ እንኳ የሚንቀሳቀስ መስሎ፣ ከእግራቸው ሥር።

እጃቸውን ሰደዱ ባልዲው ውስጥ። አንድ እፍኝ ዘገኑ። በጥሞና፣
ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ አዩት አገላበጡና፣
«እናንተ ናችሁ?» አሉ ቀስ ብለው፣ መዳፋቸው ላይ ላለው ነገር፣
«ወንድሞቻችሁ በሉኝ ያኔ፤ ማሽላዬን እስከ ሥር።
እስቲ እናንተ ደግሞ ተበሉ፤ ይኼም ይባላል ፍርድ።»
ለቅርቧ ቄብ ወረወሩላት፣ እየቆጠሩ፣ አንድ ባንድ።

ትሉ ሲጠና ይጠቁርና፣ መብላት ያቆማል «በቃኝ» ብሎ፣
በተጋደመች ጣውላ ይወጣል፣ ሌሊት፣ ማንም ሳይነዳው፣ ተንጠላጥሎ፤
ከጫፏ ሲደርስ ይወድቃል፣ ጣሳው ውስጥ፦ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።
ከሰው መሃል «በቃኝ» የሚል ስንት አለ? እላለሁ ሳስብ።

ዕዳው አላለቀም ገና። እኔም የማመላለሻዬን
ግማሹን በእንቁላል እቀበላለሁ፣ ግማሹን ችዬ ዱቤዬን።
ባጃጄ አሁንም ትሸታለች፤ ተሳፋሪ ይወርዳል ተቆጥቶ።

ትናንት ግን፣ ጎማ ሳጥብ፣ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ፣
ያቺ «የሬሳ ጓደኛ» ያለችው ጎረቤት በጓዳ በር በኩል
መጣች፣ በነጠላዋ ሸፍና አንድ ሣሕን። ቆመች። ምን ትል?
ልጣጩን አስቀድማ ዘረጋች፤ «ለነዚያ...» ብላ፣ ስሙን ሳትጨርስ፣
«ቢኖርሽ» አለች፣ «አራት እንቁላል»፣ ድምፅዋ ከደጅ ሳይደርስ።