አሥራ አራት ቋጠሮ

ብራህማፑትራ ደሴት ይሠራል፣ ደሴት ይበላል፤
ዘንድሮ ያነጠፈውን አሸዋ ለከርሞ ከእግር ሥር ይስባል።
ሹርጆባን አምስት ጊዜ ቤቷን ነቅላ ጭናለች፣
ቆርቆሮውን በጀልባ፣ ምሰሶውን በጫንቃ፤
አምስት ጊዜ «እንግዲህ እዚህ ነው» ብላ ተክላለች።

በዚያ ዓመት ጠቡ በዘር መጣ።
የእህቷ ልጅ ከከተማ አንዲት ከረጢት ይዛ ብትመጣ፣
ሽማግሌው አማቷ፣ ኮሲሙዲን፣ በመዳፉ ዘገነና
«ይህ ድንክ ነው» አለ። «የእኛ ሩዝ ቁመተ ሎጋ፣ ጀግና!
ወንዙ አንድ ክንድ ሲጨምር አንድ ክንድ የሚመዘዝ፣
አናቱን ከውኃ በላይ አውጥቶ ወንዙን የሚያዝ።
ይህስ? ውኃ ሲውጠው ምን ያደርጋል?»
            «ይተኛል» አለች ልጅቱ።
«ይተኛል?»
            «አይንጠራራም። ያቺን ያለችውን ስኳር
አገዳው ውስጥ ቋጥሮ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ፣
ክፉ ቀን እስኪያልፍ ዝም ይላል አቀርቅሮ።»
ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ በሳል አለቀ።
«ዝም ያለ ዘር ደግሞ የት አገር ጸደቀ?»

ሹርጆባን አልተከራከረችም። ከሦስት እጅ ማሳ
ሁለቱን ለሎጋው፣ አንዱን ለድንኩ ሰጠች።
ልጇ ሞክሌስም ሎጋ ነው፤ ያምናው ውኃ ሲመጣ
ሽቅብ ብሎ ዳካ ገባ፤ ፎቅ ይሠራል።
«አሥራ አንደኛው ላይ ነኝ» ይላል ሲደውል፣
«እዚህ ውኃ አይደርስም፣ እማዬ።»
ይደውል ነበር፣ ልበል።

በስራቦን ወር፣ ከሌሊቶቹ በአንዱ፣ ወንዙ ሳያንኳኳ ገባ።
አልጋውን በጡብ ላይ፣ ላሚቱን በሙዝ ግንድ ታንኳ ላይ አቆሙ።
እሷ በየንጋቱ የሳሪዋን ጫፍ ቋጠረች፣
አንድ ሌሊት፣ አንድ ቋጠሮ።
ሎጋው መጀመሪያ ብቅ አለ፤ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤
ሽማግሌው ከአልጋው ላይ ሆኖ በጣቱ እያሳየ «አላልኩም?» አለ።
በአራተኛው ወንዙ ክንድ ሳይሆን ቁመት ጨመረ።
ድንኩ የት እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

አሥራ አራት ቋጠሮ።

ውኃው ሲሸሽ የቀረው ሽታ ነበር።
ሎጋው እንደ ሰመጠ ሰው ጠጉር ጭቃው ላይ ተጋድሟል፤
ያለውን ሁሉ ለሩጫ ከፍሎ፣ ጉልበቱ በመንጠራራት አልቋል።
ድንኩም ቢሆን አያስቀናም፤ የበሰበሰ ኬሻ መስሏል።
ባለ ሞተሩን ኢድሪስን ጠራች፣ «ሁሉንም ገልብጠው» አለች።
ልጅቱ በስልክ «አክስቴ፣ አሥር ቀን አትንኪው» ብትላት፣
«የሞተ ይቀበራል እንጂ ይጠበቃል?» ብላ ዘጋችባት።

ኢድሪስ ሁለቱን እጅ ገለበጠ። ድንበሩ ላይ ሲደርስ ሞተሩ አስነጠሰ።
ናፍጣ አልቋል። ናፍጣ የጫነው ጀልባ ደግሞ
የት እንዳለ አላህ ይወቅ።
ብልሃት አልነበረም፤ እምነትም አልነበረም። የናፍጣ እጦት ነው።
በዘጠነኛው ቀን፣ ዳክዬዎቿን ፍለጋ ስትወርድ፣
ከሙታኑ መካከል አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው።
ጎንበስ አለች፦ የሕፃን ጥፍር የምታክል አረንጓዴ።
ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ፣
ሳይጣደፍ፣ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው።

እውነቱን ለመናገር ምርቱ ሰባት ጆንያ ነው፣ ተአምር አይባልም።
ገለባው አጭር ነው፤ ላሚቱ አልጠገበችም፣ ማድቤቱም አልተከደነም።
ኮሲሙዲን አንድ ሳህን ጨርሶ «ጣዕም የለውም» አለ፤
ሳህኑን ግን መልሶ ዘረጋ።

በተከታዩ ዓመት ማሳው ሁሉ ድንክ ሆነ፣
ከወንዙ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ መደብ በቀር።
እዚያ ሎጋውን ዘራች። ሲጠይቋት «ለላሚቱ ገለባ ነው» ትላለች።
ስልክ የሚሠራውም እዚያች መደብ ላይ ብቻ ነው፤
አመሻሽ ላይ እስከ ወገቧ ሎጋው ውስጥ ቆማ ትደውላለች።
አንዳንዴ ይነሳል። «አሥራ አራተኛው ላይ ደርሰናል፣ እማዬ፤
ነፋስ ነው፣ አይሰማኝም፣ ምን አልሽ?»
ምንም አላለችም። በጣቶቿ የሳሪዋን ጫፍ ትቆጥራለች፣
ያልፈታቻቸውን።