ሁለት ብርጭቆ

ኅዳር ነው። ጎተንበርግ ዝናብ አይታክታትም፤
የባቡሩ መስኮት ማልቀሱን አይተውም።
ሦስት ሆነን ወረድን በአንድ ጃንጥላ ሥር፦
እናቴ አትጠገብ፣ እኔ፣ ልጄ ርብቃ፣
የላላ ጥርሷን በምላሷ ስታሽከረክር።

ርብቃ ቀድማ ገባች፤ ወዲያው ወጣች ስቃ፤
እዚህ አገር የልጅ ጥርስ ገንዘብ አይጠየቅም።
"ከረሜላ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ብቻ ነው!"
ብለው ሲሸኟት ቃል ገባች፣
በኪሷ ውስጥ ያለውን፣ የሐሙሱን፣ ጨብጣ።

ቀጥሎ እናቴ።
ሊኔያ የምትባል፣ ቅንድቧ ነጣ ያለ ልጅ፣
መብራቱን አውርዳ ከንፈሯን ገለጠች፤
ገልጣም ክው አለች።
"ይህ ጥቁረት ምንድን ነው? ያማታል? ጠይቂያት።"
እኔ አስተርጓሚዋ፣ ቃል አጥሮኝ አየኋት።

እናቴ ግን ሳቀች፤ ድዷን አሰጣችው፣
ፀሐይ በሌለበት፣ ለመብራት ሰጠችው።
"በያት፦ ንቅሳት ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመቴ
ጥላሸት ለውሳ፣ በእሾህ ወጋግታ
የነቀሰችኝ ናት የአባቴ እኅት፣ እቴቴ፤
ጥርሴ ነጭ እንዲታይ፣ ሳቄ እንዲያምር ብላ።
ሦስት ቀን አበጠ፤ ተልባ ነው የጠጣሁት።
የደማው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁት።"

ይህን እንዴት ልበል? በዚህ በወደብ ከተማ
ንቅሳት ሲሉ መልህቅ ነው፣ የመርከበኛ ክንድ ላይ።
እንደምንም አልኳት። ሊኔያ ዝም አለች፤
ጓንቷን አስተካክላ፣ "ያምራል" አለች በለሆሳስ፤
መለኪያ ዘንጓን ከድዱ ሥር እየሰደደች ቆጠረች፦
"ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት።"
ሁለት መንጋጋ የለም። "እነዚያስ?" "በጉጠት፤
የገበያው ወጌሻ። የቀሩትን ግን፣ በያት፣
ጎህ ሲቀድ መፋቂያ ተለይቷቸው አያውቅም።"

"አሁን አንቺ" አለችኝ።
"አራት፣ አምስት፣ አምስት። ይደማል። ስድስት።"
"በክር ታጸጃለሽ?" "አንዳንዴ" አልኩ፤ ዋሸሁ።
ሌሊት ቢሮ ነው የማጸዳው፤ የሰው ወለል ሳበራ
የገዛ ድዴን ረሳሁ።
ትንሽ መስታወቷን ወደ ጓዳው ሰደደች፦
"ተፈጭቷል። ተሸርፏል። ተኝተሽ ጥርስሽን ትነክሻለሽ?"
"ምን አለችሽ?" አለች እናቴ ከጥግ።
አሁን ደግሞ ለማን፣ ከየት ወዴት ላስተርጉም?
"ጥርስሽን ነክሰሽ ነው የምትኖሪው አለችኝ።"
እናቴ ብድግ አለች።
"ማን ነገራት?" አለች።

ዘጠኝ ዓመት በስልክ "ደህና ነኝ፣ ተመችቶኛል" ስል
የደበቅሁትን ነገር፣
አንዲት የማላውቃት ልጅ በአንድ ቀጭን ብረት
ከመንጋጋዬ ላይ እንደ ፊደል ቆጠረችው።

ማታ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ መስታወት ፊት፣
ሦስት አፍ፣ አንድ አረፋ። መምህሯ ርብቃ፤
በትንሿ ብልቃጥ አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ፣
"ዳር ዳሩን! ቀስ ብላችሁ! አያቴ፣ አትቸኩዪ!"
ክሩን ሳብኩት፤ ነጭ ገብቶ ቀይ ወጣ።
በሳምንቱ ሮዝ። ቅዳሜ ረሳሁ፤ እሑድም ደገምኩት፤
ሰኞ እንደገና ጀመርኩ።

የጥርሴ ማቀፊያ፣ ያ እንደ ውሃ የጠራው፣
ተሠርቶ በመጣ ቀን የርብቃም ጥርስ ወለቀ፣ ዳቦ ላይ።
"ጣሪያ ላይ ወርውሪው፣ አሞራ ይውሰደው" አለች እናቴ፤
ሰባተኛ ፎቅ ነን፤ ጣሪያው የማዘጋጃ ቤት ነው።
"የለም አያቴ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው፤
የጥርስ እመቤት ሌሊት መጥታ
ጥርሱን ትወስድና ሳንቲም ትተዋለች።"
እናቴ አዳመጠች፤ ምንም አልመለሰች።

እኔ ሥራ ሄድኩ። የምተኛው ቀን ነውና
የእኔም ማቀፊያ በብርጭቆ ውሃ አደረ።
ጠዋት ስመለስ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን፦
በልጄ ብርጭቆ አሥር ክሮነር፣ እኔው ማታ የጣልኩት፤
በእኔም ብርጭቆ፣ ከማቀፊያው ሥር፣
አሥር ክሮነር።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤
ትከሻዋ ግን ይስቃል።