ሃያ አራት ሥዕል

ከፒያሳው ሲኒማ፣ ከኋለኛው ተርታ፣
የሚነክስ ወንበር ነበር የደረሰን ለማታ።
እኔ በምስማሩ፣ አንቺ በደኅናው ላይ፣
አንድ ጋቢ ለብሰን ያንን ፊልም ስናይ፣
ጎንደር ላይ ይዘንባል፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፣
ተዋናይ ቢያለቅስስ ማን ይሰማዋል?

ቋንቋው አልገባንም፤ የምን አገር ናቸው?
ባቡር ይጠብቃሉ፣ ሻንጣ በእጃቸው።
አንዲት ረጅም ሴት፣ ካፖርት የሰፋባት፣
አንድ ባርኔጣ ለባሽ፣ ስሟ የጠፋበት።
ያያታል፣ ያያታል፤ ዓይኑስ ያውቃታል፣
አፉ ግን ይፈልጋል፣ ይደክማል፣ ይተዋል።

ትፈቺልኝ ነበር ጆሮዬ ላይ ሆነሽ፦
«‹በረደኝ› አለችው። ‹ይኼን ሁሉ ለብሰሽ?›»
የማታውቂውን ቋንቋ ስትተረጉሚ
እንደ ፍርድ ቤት ሰው ነሽ፣ ምንም ሳታቅማሚ።

ከዚያ ባቡር ገባ። ሴትዮዋ ልትዞር ስትል —
ቸርርር። ሸራው ነጣ። መብራት። «ኧረ ቀጥል!»
«ወንድይፍራው ቆራጩ!» ፉጨት፣ የእግር ድብደባ።
ሲቀጥል ባሕር ነው፤ ሰውየው ብቻውን፣ ጉንጩ ላይ እንባ።
በዚያው አለቀ።

ቀሃን ስንሻገር መሃሉን ነገርሽኝ፣
ሳይታይ የቀረውን ከራስሽ ሰፋሽልኝ፦
«ባቡሩ አመለጣት። ስሟ ትዝ አለው።
ባሕሩን ሊያይላት ቀደም ብሎ ነው።
ቆይታ ትመጣለች፤ ያ እንባም የነፋስ ነው።»
የነፋስ ነው አልሁ፤ ጫማዬ ውኃ ሞልቶ።
ማን ይከራከራል ያን ሌሊት አግኝቶ?

ከዚያ በኋላ ያለውን አላወራም። ተጋባን። አሥራ አንድ ክረምት።
ሐኪሙ «ልቧ ነው» አለ፣ «የልጅነት ሕመም፣ የቆየ።
ታውቀው ነበር እኮ፤ አልነገረችህም?»
ለእኔ የነገርሽኝ ስለ ነፋስ ነው።

በአርባሽ ማግስት ወንድይፍራው መጣ፣
ዓይኑ ሞራ ለብሶ፣ ደረጃውን በግድ ወጣ።
ከደረት ኪሱ ውስጥ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
አንድ ጥቁር ቁራጭ ሰጠኝ፣ «ያንተ ነው» ብሎ፦

«ማሽኑ አልበላውም፤ እኔ ነኝ በመቀስ።
ዓርብ አትጠገብ መጣች፣ አይታው ስታለቅስ፣
‹ነገ ከእሱ ጋር ነኝ፤ ይቺን ቁረጥልኝ› አለች።
እንቢ ብላት ጊዜ፣ ሄዳ ተመለሰች፣
ለአንተ የሠራችውን ሹራብ ታቅፋ።
እጅጌው ይረዝመኛል። ግን ይሞቃል።»
አየሁት። ለብሶታል።

«የቀረውስ?» አልሁት።
«ሣጥን ውስጥ ነበረ። አይጥ በላው።»

ወደ መስኮቱ ያዝሁት። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፤
ሃያ አራት ሥዕል፣ ሁሉም የሴት ጀርባ፣
ያው ካፖርት፣ ያው ትከሻ፣ ያው ባቡር ሲገባ።
በመጨረሻው ላይ፣ የፀጉር ስንጥቅ ያህል፣
ጉንጯ ይጀምራል።
ትስቅ ይሁን ታልቅስ፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

«ሃያ አራቱ ሲሮጥ» አለ ወንድይፍራው፣
ከዘራውን በዳበሳ እየፈለገ፣
«አንዲት ሰከንድ ናት።»

አንዲት ሰከንድ።
አትጠገብ።