ስድስተኛዋ ጣት

ሐሙስ ከሰዓት፣ ቅርያት ጋት፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ፣
ሞራን ወደ ሱቄ መጣች ስልኳን ከፍታ፣ ፈራ ተባ።
«እናቴ ናት» አለች፤ «ማለቴ... አይደለችም።
በዚያን ጊዜ ወገራ ካሜራ አልነበረም፤
ሸክላ ስትሠራ ያነሳት የለም።
ስለዚህ ለማሽኑ በቃል ነገርኩት፣
ወንዙን፣ ጭቃውን፣ እጇን፤ ሣለልኝ፣ አመንኩት።
ለሰባ ዓመቷ ነው፤ ግድግዳ የሚሞላ፣
ሜትር ከሃያ፣ በሸራ፣ ፍሬሙ ደግሞ ቡላ።»

ምስሉን ከፈትኩት። ጥፍር የምታህል ናት፣
ሺህ በሺህ ፒክሰል ብቻ ያላት፤
ስትለጥጣት እንደ አሮጌ ሹራብ ዓይኗ ይከፈታል፣
ፊት የነበረው ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል።

ማጉያ ያሻል። ሦስት አሉኝ፤
አንዱ በየወሩ ሸቀሌን የሚልስ፣
አንዱ የሙከራ፣ እስከ አርብ የሚደርስ፣
አንዱ ነፃ፣ ቀርፋፋ፣
ኮምፒውተሬን አግሎ እንደ ወናፍ የሚያስተነፍስ።

ባለ ሸቀሉ አለሰለሰ፤
ግንባሯ ላይ የነበረውን ጥላ ጠርጎ አበሰ።
ጉንጯ ሳሙና መሰለ፣ ጭቃው ቸኮሌት፣
በሽቶ ማስታወቂያ ላይ የቆመች አንዲት ሴት።

የሙከራው ደግሞ ስስት አያውቅም፤
ያላየውን ይጨምራል፣ «አላውቅም» አይልም።
ከቀሚሷ ጠርዝ ጥልፍ ፈለቀቀ፣
ከትከሻዋ ኋላ፣ ወንዙ ዳር፣ ግማሽ ፊት ብቅ አለ፣
የማናውቀው፣ የሳቀ።
በጣቷ ላይ ወርቅ ቀለበት አጠለቀላት፤
ሽማግሌ ሳይላክ ማሽኑ ዳራት።

ግሪሻ ከመቁረጫው ቀና አለና አየው፤
«ደንበኛ ጥርት ያለ ይወዳል፤ ይሄው ነው፣ ይሄው።»

እኔ ግን እጇን አቀረብኩ፣ አራት መቶ በመቶ፤
ጣት ቆጠርኩ። አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ።
ስድስት፤ አንዱ ከአውራ ጣቷ ሥር ተሸሽጎ ገብቶ።
በስልክ ላይ የማትታይ፣ ትንሽ፣ ትሑት ስሕተት፣
በሜትር ከሃያ ግን ሙዝ የምታህል ጣት።
ማጉላት እንዲህ ነው፤ ሐሰትም ከእውነት እኩል ያድጋል፤
በሰፈራችን ሐሜትም እንዲሁ ይተልቃል።

ሲመሽ ሶፍትዌር መምረጥ ምስክር መጥራት ሆነብኝ፤
ሦስቱም አላዩም፣ ሦስቱም ይምላሉ፣
አንዱን እመን ተባልኩኝ።
ነፃውን አስነስቼ፣ መብራት አጥፍቼ ሄድኩ።

አርብ ረፋዱ ላይ፣ ልዘጋ ስሰናዳ፣
ወይዘሮ ትርንጎ ራሷ መጣች፣ ያልተጠራች እንግዳ፣
ድንች የሞላ የገበያ ጋሪ እየጎተተች።
ምስጢሩን ማን አወጣው? ሞራን ከኋላዋ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

ሦስቱን ደረደርኩላት፤
ፊቱን አልፋው ሄደች፤ ማሰሮው ነው የያዛት።
«ይሄ» አለች፣ «እሳት አይችልም።
ቂጡ ወፍሯል፣ አንገቱ ሳስቷል፣
ጭቃውም አሸዋ አልበላም።
የሰነፍ ሥራ ነው። ደግሞ ማን ነው
ጥልፍ ለብሶ ጭቃ የሚያቦካው?»

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ተጠጋች፣
ወደ ቀርፋፋው፣ ሌሊቱን ሲነፋ ወዳደረው፣
የማያውቀውን ቦታ ጭጋግ አድርጎ ወደተወው።
«እዚህስ ምን አለ?» አለች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ጥላ፣
ወንዙ ዳር፣ ከትከሻዋ ኋላ።

«ምንም። ፒክሰሉ አልበቃም፤ ብዥታ ነው።»

«ብዥታ አይደለም። ታናሼ ብርቄ ናት።
ልክ እንዲህ ነበር የምትቆመው።»

የሱቁ ማቀዝቀዣ ብቻ አንኮራፋ።

«ስድስተኛዋን ጣትስ? ልሰርዛት?»
ሳቀች፤ «ተዋት!
በዚያን ዘመን ስድስትም ያንሰኝ ነበር፣
ውኃው፣ እንጨቱ፣ ልጁ፣ ሸክላው ሲበዛባት
ለአንዲት ሴት።»

ሜትር ከሃያው ቀርቶ በስልሳ ሳንቲም አተምነው፤
ጭጋጉ ከዚህ በላይ ቢሰፋ ብርቄን ይበትናት ነበር ብዬ ነው።
ግሪሻ ትከሻውን ነቅንቆ ጠርዙን ቆረጠ፤
የሙከራው ሶፍትዌር «ጊዜዎ አብቅቷል፣ ይክፈሉ» እያለ
ስክሪኔ ላይ አፈጠጠ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጥቅሉን ከድንቹ በላይ ጫነች፤
«ፍሬሙን ለእኔ ተዉት፤ ጭቃ አላጣም»
ብላ ወጣች።