ማስረጃ

ሚኒሶታ፤ ኅዳር፤ የአደን ወቅት ነው።
ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት አልፏል፤
አሁን የሚተኩስ ሕግ ይተላለፋል፤
በድንግዝግዝ ብርሃን ሰውም አውሬ ይመስላል።

የዱር ጠባቂዋ ከጥዶቹ ጀርባ፣
በጫማዋ ስፌት በረዶ እየገባ፣
ማርሊስ ተርቮ ቆማለች።
ከመንገዱ ማዶ የውሸት አጋዘን
ዝም ብሎ ያድናል፣ የሚያድኑትን።
ቆዳው የእውነት ነው፤ ሆዱ ግን ስፖንጅ ነው፤
ጭራው በባትሪ ነው የሚወዛወዘው፣
ሪሞቱን ጨብጣ ማርሊስ ስታዘው።

አሥራ ሰባት ጊዜ ተመትቶ ያውቃል፤
አንድም ቀን ሳይደማ በመርፌ ይድናል።
የባንኩ ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤት ሾፌር፣
የአጎቷ ልጅ እንኳ ወድቋል በዚህ ፍቅር።
ቅጣቱን ስትጽፍ ማንም ቀና አይልም፤
እሑድ ጸሎት ቤት ውስጥ ሰላምታ አይሰጧትም።

አንድ ያረጀ ፒካፕ ፍጥነቱን ቀነሰ፤
ኦርቪል ካንጋስ ነው፣
ሚስቱን በመስከረም ቀብሮ ያላለቀሰ።
መስኮቱ ወረደ። ጠብመንጃው ከጎኑ።
«አታንሳው» አለችው በሆዷ።

አላነሳም።
ከኮቱ ኪስ ፖም አውጥቶ
ወረወረለት ለአጋዘኑ።
«ብላ እንጂ» አለው፣ «ላንተም ብርዱ መጣ።
እሷ ነበረች የምታውቃችሁ፣ እኔ ስማችሁንም አላውቅ።»

ማርሊስ ሪሞቱን ተጫነች።
ጭራው ተወዛወዘ።
ሽማግሌው ሳቀ፤
ቆየና አለቀሰ።

አጋዘን መመገብ በዚህ አውራጃ ክልክል ነው፤
አንቀጹን በቁጥሩ ታውቀዋለች።
የፒካፑ ቀይ መብራት ከኩርባው ሲሰወር
ፖሙን አነሣች፣
በረዶውን በእጅጌዋ ጠረገች፣
ማስረጃውን በላች።