የሰኞ አቧራ

ከሚሌ ወዲህ ነው አስፋልቱ የቀረው፤
ተለዋጩ መንገድ ዱቄት ነው፣ ዱቄት ነው።
ፊት ያለው ተሳቢ ምድሩን ሲያቦነው
ከኋላ ያለሁት በምን ዓይን ልመነው?
መብራት አበራሁኝ በጠራራው ፀሐይ፤
የረዳቴ ጥርስ ነው ጎልቶ የሚታይ።
መስኮቱን ብዘጋም አቧራ በር አይሻም፤
ጥርሴ ላይ ይፈጫል፣ ብተፋው አይሸሽም።

ኮምቦልቻ ስገባ፣ ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል፣
ሰማያዊ ነበር ብል ማን አምኖ ይቀበል?
ሽሮ የተነፋበት፣ መልኩ የጠፋው፣
አይሱዙ ነው ወይስ በጎማ የሚሄድ ቆላ ነው?

ቦርከና ዳር ወረድኩ፣ ከጦይባ ዘንድ፤
ሁለት በርሜል አላት፣ ኮምፕሬሰር አንድ፣
«እጥበትና ግሪስ» የሚል ቆርቆሮ ከግንድ።
ጨርቄን ከወንበር ስር ስቤ ሳወጣ፣
በሩን ልወለውል ስል ድምጿ ቀድሞ መጣ፦

«ተው! በደረቁ አትንካው! እጅህን ሰብስበው!
አቧራ የምትለው የተፈጨ ድንጋይ ነው።
ውሃ ይቅደም፣ ከጣራው፣ ቀስ እያለ ይውረድ፤
ድንጋዩ በገዛ እግሩ ቦርከና ይሂድ።
ሳሙናው ከዚያ ነው፤ የልብስ ግን አይሆንም፤
እድፉንና ቀለሙን ለይቶ አይበላም።
ሞተሩ እስኪበርድ እዚያ ጥላ ስር ተቀመጥ፤
የጋለ ብረት ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው
ወይ ቸኩሏል ወይ መኪናው የሰው ነው።»

ፊልትሮውን አወጣች። ጎማ ላይ አራገፈችው፤
ግማሹን የሚሌ መንገድ መሬት ላይ ደፋችው።
«ከውስጥ ወደ ውጭ ነው» አለች፣ አየሩን በስሱ እየለቀቀች፣
«ከውጭ ብትነፋው ወደ ሳንባው ነው የምትልከው።»
አምፖል ከመሀሉ ከታ ዞር ዞር አደረገችው፣
ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ስትፈልግ።
«ለኔስ ሳንባ አየር አለሽ?»
«ላንተ ወተት ነው። እሱንም ካገኘህ።»

ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሰማያዊው ወጣ፤
ቀኝ በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር መጣ፦
አቧራው ሄደ እንጂ ጽሕፈቱ ቀረ፤
በጣት የተጻፈ፣ ቀለም የቦረቦረ፦
ሙ ዘ ይ

ያን ዕለት ባቲ ላይ፣ ገበያው መሀል
ቆሜ ሳለሁ ነው፤ ልጄ ነው፤ ስሙን ያውቃል
ከመስከረም ወዲህ። ከእናቱ ጋር ነው የሚኖር፤
እኔ የሰኞ አባት ነኝ፣ የጥቂት ደቂቃ፣ የበር።
«አባ፣ ስሜን ልጻፍልህ» አለና ተንጠራራ፣
ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ጣቱ እያረሰ በአቧራ።
ሦስቱን ጨርሶ ወደ አራተኛው ሲሻገር
ከኋላ ጡሩምባ ነፉብኝ፤
«ን»ን ጣቱ ላይ ትቼለት ሄድኩ።

«ይለቃል» አለች ጦይባ፣ በጥፍሯ እየዳሰሰች፣
«አቧራና ጣት ሲገናኙ ብርጭቆ ወረቀት ነው።
ፖሊሽ አለኝ። ሰም አለኝ። ነገ ና፣ የነበረ አይመስልም።»
ውሃው ጠብ ጠብ ይላል ከበሩ ጫፍ።
«ሰሙን ሁሉም ላይ ቀቢው» አልኳት፣
«እሷን ዝለያት።»
ቀና ብላ አየችኝ።
ወርቁን አልጠየቀችኝም።

በሳምንቱ ሰኞ፣ ዘይት ቀይሬ፣ ራዲያተር አስነፍቼ፣
ደብተርና እርሳስ ከመሪው ጎን ከትቼ
ቁልቁል ወደ ባቲ። ልቆጣው ነው፤
«ሁለተኛ መኪና ላይ እንዳትጽፍ» ልለው ነው።
ደጋን ላይ ድምፄን አጎርንኜ ተለማመድኩት፤
ገርባ ስደርስ ግማሹ ጠፋብኝ።

ሮጦ መጣ፣ ወደኔ አይደለም፣ ወደ በሩ።
ሦስት ፊደሎቹ አሉ። ደስ አለው።
ጣቱን ዘረጋ፤ አቧራ አጣ።
በሩ እንደ መስታወት አፍንጫውን መልሶ ያሳየዋል።
ትንሽ አሰበና ጣቱን ላሰ፣
በምራቁ «ን»ን ጻፈ፣ ጭራዋን ወደ ግራ አዙሮ።

የባቲ ፀሐይ ናት፤ እያየናት ደረቀች።
ጎንበስ ብዬ በሩን አየሁት፤
ምንም አልጫረችም።